ቢራቢሮዋ ለምን ተሳሳተች?

ጁሊያ ዶናልድሰን የጻፉትና አክስል ሼፍለር በሥዕል ያስዋቡት «መንኪ ፐዝል» የተሰኘው የሕፃናት መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 2000)፣ እናቱ የጠፋችበትን ትንሽ ጦጣና ልትረዳው የተነሣችውን ቢራቢሮ ይተርካል። መጽሐፉን የመረዳዳት ምሳሌ አድርጎ ብቻ ማንበብ ግን ዋና ቁም ነገሩን ያስቀራል። ቢራቢሮዋ ትንሹን ጦጣ ወደ ዝሆን፣ ወደ እባብና ወደ ሌሎች እንስሳት የምትመራው በክፋት አይደለም፤ የራሷ ልጆች አባጨጓሬዎች በመሆናቸው፣ ልጅ እናቱን ሊመስል እንደሚችል አላሰበችም። በየስሕተቱ ትንሹ ጦጣ የእናቱን መልክ ያብራራል፤ ፍለጋው የሚቃናውም እናቱ እርሱን እንደምትመስል ሲናገር ነው። ስለዚህ መጽሐፉን የሚያነቡ መምህራን መልሱን ከማቀበል ይልቅ፣ በየገጹ ቆም ብለው ሕፃናቱ ራሳቸው እንዲያብራሩ ዕድል ሊሰጡ ይገባል። ሳይጠይቁ መርዳት፣ በቅን ልቡና ቢሆንም እንኳ፣ መንገድ ያስታልና።