የጋራ ሥራ መዝገብ በማን እጅ ይሁን? ግልጽ ደብዳቤ ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህራን

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና መልሶ ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሰው አንድ ኮድ ላይ ሲሠራ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ቨርዥን ኮንትሮል የሚባለው እሱ ነው። ኮዱ የሁሉም፣ መዝገቡ የአንድ ኩባንያ ሲሆን የሚመጣውን ጣጣ ሊኑክስ የተባለው ክፍት ምንጭ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀምሶታል።

ፈጣሪው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2002 የሊኑክስን ከርነል (የሥርዓቱን እምብርት) ቢትኪፐር በተባለ ቨርዥን ኮንትሮል ማስተዳደር ጀመረ። ቢትኪፐር የላሪ ማክቮይ ኩባንያ የቢትሙቨር ንብረት ነበር፤ ምንጩ ዝግ ቢሆንም ለክፍት ምንጭ ሠሪዎች ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ሥራውን ማቅለሉ አይካድም። ፈቃዱ ግን ማሰሪያ ነበረው፤ በነጻ የሚጠቀምበት ሰው ተፎካካሪ መሣሪያ እንዳይሠራ ይከለክላል። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ይህን አጥብቆ ቢቃወምም አሠራሩ ቀጠለ። በ2005 የሳምባ ሶፍትዌር ደራሲ አንድሩ ትሪጅል ያለ ቢትኪፐር ከቢትኪፐር ሰርቨር መረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ። ያደረገው ነገር የሚያስገርመው በቀላልነቱ ነው፤ በቴልኔት ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ «ሄልፕ» ብሎ ሲጽፍ ሰርቨሩ የትእዛዞቹን ዝርዝር አወጣለት። ኩባንያው በዚህ ተቆጥቶ ነጻ ፈቃዱን አነሳ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው የደከመበት ፕሮጀክትም መሣሪያ አልባ ሆነ።

ቶርቫልድስ ኤፕሪል 3 ቀን 2005 ጊት የተባለውን የራሱን ቨርዥን ኮንትሮል መጻፍ ጀመረ፤ ከአራት ቀን በኋላ ጊት የራሱን ኮድ መመዝገብ ቻለ። የሊኑክስ ዋናው የጊት ማኅደር ዛሬም የሚጀምረው ከዚያው ወር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ሌሎች ለብቻው ያሰባሰቡትን ማኅደር ይፈልጋል። ቢትኪፐር ራሱ በ2016 ክፍት ምንጭ ቢሆንም ጊዜው አልፎበት ነበር።

ዛሬ አደጋው መልኩን ቀይሯል። ጊት ነጻ ነው፤ የጊት ማኅደሮች በኢንተርኔት የሚቀመጡበት ጊትሀብ ግን ማይክሮሶፍት በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው፣ ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ዝግ የሆነ አገልግሎት ነው። ተማሪዎች ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ሲቆጥሩ ይታያል። ኮዱ በየላፕቶፑ ስለሚገለበጥ አይጠፋም። የስህተት ሪፖርቱ፣ የእርማት አስተያየቱና ክርክሩ ግን በጊት ውስጥ አይገቡም፤ ኩባንያው ዘንድ ይቀራሉ። በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የኢራን፣ የሶሪያና የክሪሚያ ተጠቃሚዎች የጊትሀብ አገልግሎት ተገድቦባቸዋል። ኢትዮጵያን እንዲህ ያለ ገደብ አልነካትም። ዋሽንግተን የሚወሰን ነገር ሐዋሳ ፋብሪካዎች ድረስ እንደሚዘልቅ ግን ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የመላክ የአጎዋ ዕድል በጃንዋሪ 2022 ሲቋረጥ ታይቷል። ክፉ ሐሳብ ሳይኖርም አገልግሎት ይዘጋል፤ የኮድ ማስቀመጫ የነበረው ጉግል ኮድ በ2016 የተዘጋው ብዙ ፕሮጀክቶች ወደ ሌሎች አገልግሎቶች ስለሄዱ እንጂ ተጠቃሚ ለመቅጣት አልነበረም።

የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ለሚገኙባቸው ለቴፒና ለሚዛን አማን ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ጊት ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ቴፒ ያለ ተማሪ ለውጡን ላፕቶፑ ላይ ኮሚት አድርጎ (መዝግቦ) ሙሉ ታሪኩን «ጊት ባንድል» በተባለው ትእዛዝ አንድ ፋይል ካደረገ በኋላ በፍላሽ ሚዛን አማን ላለ የቡድን ጓደኛው ይልክለታል። ጓደኛው ፍላሹን ሰክቶ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል። ይህን የሚያውቀው ግን ጊትን የተማረ እንጂ የድረ ገጽ ቁልፍ መጫን ብቻ የለመደ አይደለም። ታሪኩ ከምረቃ በኋላም ያስፈልጋል፤ ለአንድ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላትንና የርክክብ መዝገብ ሶፍትዌር ሠርቶ የሚመረቅ ተማሪ ሲሄድ፣ ኮዱን የሚረከበው ሰው አንድ ስሌት ለምን እንደተለወጠ የሚያገኘው ከታሪኩ ነው።

ጊትሀብን መተው አያስፈልግም። ከቴፒ የወጣ ባለሙያ በዓለም ፊት ሥራውን የሚያሳይበት፣ ቀጣሪም የሚያይለት እዚያ ነው። ብቸኛ ማስቀመጫ መሆኑ ነው ጥፋቱ። ፎርጄዮና ጊቲ የተባሉት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ተመሳሳዩን አገልግሎት በአንድ መለስተኛ ኮምፒውተር ላይ፣ በግቢው ውስጣዊ ኔትወርክ ብቻ ይሰጣሉ። እንግዲህ መምህራኑ ጊትን ከጊትሀብ ለይተው ያስተምሩ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲረከቡ ከሪፖርቱ ጋር ሙሉ የጊት ማኅደሩን ይጠይቁ፤ የዚህም ቅጂ በዩኒቨርሲቲው በራሱ ሰርቨር እንዲቀመጥ ያድርጉ።