አቤቱታ፦ የጉዟችን ርዝመት ከቤታችን ደጃፍ ይቆጠርልን

ለሚመለከታችሁ የትራንስፖርትና የአቪዬሽን ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የቦንጋና የአካባቢዋን ሕዝብ የአየር ጉዞ ችግር ይመለከታል

እኛ የቦንጋ ከተማና የካፋ ዞን ነዋሪዎች ሲንከባለል የቆየ ችግራችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ. ቦንጋ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የምንጠቀምበት የጅማው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀናል። ከጅማ አዲስ አበባ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በረራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እኛ ግን በጎጀብና በሸቤ አድርገን ጅማ እስክንገባ ከበረራው የሚበልጥ ጊዜ መኪና ላይ እናሳልፋለን። የጠዋት በረራ ያለው ሰው ዋዜማውን ጅማ ለማደር ይገደዳል፤ የአልጋው ሒሳብ በቲኬቱ ላይ ይደረባል።

ከሁሉ የሚያመን የሕሙማን ነገር ነው። ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ በኮንትራት ሚኒባስ የኋላ ወንበር ተጋድሞ፣ ራሱን አስታማሚው ጭን ላይ አሳርፎ፣ ጉሉኮሱን ሌላ ዘመድ ከፍ አድርጎ ይዞለት ሲጓዝ ማየት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

2ኛ. ከክልል ወደ ክልል መብረር የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው በአዲስ አበባ መዞር አለበት። ጅማና አርባ ምንጭ በአየር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ በቦሌ በኩል ሲዞሩት ግን ከ600 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ተከታዩ በረራ ካልገጠመም አዳር አለበት። እስከ 2014 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ ጋር በአንድ ክልል ሥር ለነበርን፣ ልጆቻችንም እዚያ ለሚማሩ ሰዎች ይህ ከባድ ነው።

3ኛ. ካፋ የአረቢካ ቡና መገኛ ነው። ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ቦንጋም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መቀመጫ ናት፤ በእነዚህ ምክንያቶች የራሷ ማረፊያ ሊኖራት ይገባል። የሚዛን አማን ኤርፖርት ለጎረቤቶቻችን የሚገባ ነው፤ ደስ ይለናል። ሆኖም እሱም ከቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የእኛን ጥያቄ አይዘጋውም።

ስለዚህ፦

ሀ. ለቦንጋ የአውሮፕላን ማረፊያ የአዋጭነት ጥናት እንዲደረግና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ፤

ለ. እስከዚያው የጅማ በረራ ሰዓት ከቦንጋ በማለዳ የሚነሳ መንገደኛ የሚደርስበት እንዲሆን፣ ከቦሌ ወደ ክልሎች ከሚነሱ በረራዎችም ጋር እንዲገጣጠም፤

ሐ. የቦንጋ–ጅማ መንገድ ሳይበላሽ በየጊዜው እንዲጠገን፤

መ. ሪፈር ለተጻፈላቸው ሕሙማን የመቀመጫ ቅድሚያ እንዲሰጥ እንጠይቃለን።

የአገር አቅም ውስን መሆኑን እንረዳለን። ቅደም ተከተል ቢወጣና ተራችን መቼ እንደሆነ ቢነገረን እንታገሣለን። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰን። ያለ መልስ መቅረትን ግን አንቀበልም፤ እስኪመለስልን ድረስም ደጋግመን እናመለክታለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አመልካቾች፦ የቦንጋ ከተማና የካፋ ዞን ነዋሪዎች