ካንሰር ያልነካው ጭንቅላት ለምን በጨረር ይመታል?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የአባትሽ የሳንባ ካንሰር፣ ያውም «ስሞል ሴል» የሚሉት፣ በኬሞ ጠፋ ከተባለ በኋላ «ጭንቅላታቸውም ጨረር ይሰጠው» መባሉ አናዶሻል። አልፈርድብሽም። ይሄ ካንሰር ግን ወደ አንጎል መዝለል ይወዳል፤ ኬሞው ደግሞ እዚያ እንደልቡ አይገባም። ካንሰሩ በሕክምና በጠፋላቸው 987 ሕሙማን ላይ ተጠንቶ በ1999 እ.ኤ.አ. እንደታተመው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንጎላቸው ላይ የታየባቸው ጨረሩን ካልወሰዱት 59፣ ከወሰዱት 33 በመቶ ግድም ናቸው።

በነፃ አይደለም ታዲያ! ድካም አለው፣ ፀጉር ይረግፋል፣ አንዳንዱም ይረሳል። በዳማ የሚረቱሽ አባት እንዳይረሱ መስጋትሽ ይገባኛል። «ጨረሩ ቀርቶ በየጊዜው በኤምአርአይ ብንከታተልስ?» ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂው፤ ዛሬ እሱን የሚመርጡም አሉ።

ግን እሳቸው ምን አሉ? «አልነገርናቸውም» ትያለሽ። የማን ጭንቅላት ነው እንዴ? ዛሬ ማታ ንገሯቸው።