የማዳቀል ሙያ ከበረት አጠገብ ይኑር

ተማሪዎች ሆይ! ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ስትጓዙ፣ የጣናን ሐይቅ በስተግራ እያደረጋችሁ የደራንና የፎገራን ሜዳ ታቋርጣላችሁ። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች በክረምት ይህን ሜዳ እያጥለቀለቁ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከሜዳው ስሙን ያገኘው ጥቁርና ነጭ ቡሬ የፎገራ ከብት ረግረጉን፣ ዝንቡንና የሆድ ውስጥ ጥገኛ ትሉን ችሎ ይኖራል። ላሟ ትታለባለች፤ በሬው ያርሳል፤ ሲሰባም ለሥጋ ይሸጣል። ከዚህ ከብት የተሻለ ጥጃ ለማግኘት ለሚሻ ገበሬ ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ትልቅ ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ ሙያው ከከተማ ካልወጣ ተስፋው ተስፋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ሙያ በየገጠር ቀበሌው በሚኖሩ ወጣቶች እጅ መግባት ይገባዋል እላለሁ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ስፓላንዛኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በ1780 እ.ኤ.አ. ገደማ በውሻ ላይ ሞክሮት ቡችሎች ተወልደዋል። በ1949 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ግሊሰሪን የተጨመረበት ዘር በቅዝቃዜ እንደማይሞት ደረሱበት። ዛሬ የኮርማ ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። በአካባቢያችን ሥራው በ1938 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገዛዝ ሥር በነበረችው አሥመራ ተጀምሮ በጦርነት ምክንያት ተቋረጠ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስዊድን እርዳታ በአርሲ በጭላሎ ተካሄደ፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በቃሊቲ ብሔራዊ የማዳቀያ ማዕከል ተቋቋመ።

ታዲያ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ዘዴ ለምን በየበረቱ አልተዳረሰም? ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ዋነኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በአማካይ በ21 ቀን አንድ ጊዜ ነው። ፍላጎቷ የሚቆየው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ የአገራችን ላሞች ደግሞ ከውጭ ዝርያዎች ይልቅ አጭርና ድብቅ ምልክት ያሳያሉ፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይሆናል። ከእንቁላል ማቋቻዋ የወጣችው እንቁላልም የምትቆየው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ጠዋት ምልክት ያሳየች ላም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያሳየችው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት እንድትዳቀል ይመከራል።

እስቲ አስቡት። ገበሬው ላሙ በሌሎች ላሞች ላይ ስትወጣና ሲወጡባትም ቆማ ስትታገሥ ማለዳ አየ እንበል። ባለሙያው ያለው በወረዳው ከተማ ነው። መልእክት እስኪደርስ፣ ባለሙያው መጓጓዣ እስኪያገኝ፣ ጭቃውንም እስኪሻገር ሰዓቱ ያልፋል። አንድ ጊዜ ያለፈው ሰዓት የሚመለሰው ከ21 ቀን በኋላ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካለፈ ላሟ 42 ቀን ያለ ጽንስ ትቀለባለች። በዚህ መካከል ገበሬው ተስፋ ቆርጦ ላሟን ያገኘው ኮርማ እንዲያጠቃት ይለቃታል። በዚህም ሊወቀስ አይገባውም።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ ያልሠለጠነ እጅ ላሟን ይጎዳል» ይላሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው። አዳቃዩ ጓንት ያጠለቀ እጁን በፊንጢጣ በኩል አስገብቶ የማኅፀኑን አንገት ይይዛል፤ በሌላው እጁ ቀጭኑን የማዳቀያ መሣሪያ በብልቷ በኩል አሳልፎ ዘሩን ከማኅፀኑ በር ወዲያ ይለቃል። ቀሰም በምታህል ቱቦ የታሸገውን ዘር ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማቅለጥና ሳይውል ሳያድር መጠቀምም ግዴታ ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ በልምምድ የሚገኝ የእጅ ጥበብ ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ከቄራ በመጣ ማኅፀን፣ ቀጥሎም በአስተማሪ ዓይን ሥር በሕይወት ባለች ላም ላይ ይለማመዳል። ስለዚህ ለስጋቱ መፍትሔው ፈተናና ቁጥጥር ያለበት ሥልጠና መስጠት እንጂ ሙያውን ከገጠር ማራቅ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «በሆርሞን መድኃኒት ብዙ ላሞች በአንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ ስለሚደረግ ባለሙያው በአንድ ቀን መጥቶ ሊያዳቅላቸው ይችላል» ይላሉ። ዘመቻው በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን መድኃኒቱ በረኃብ ከስታ ዑደቷ የቆመውን ላም አያነቃም፤ ሳይመረመር ለእርጉዝ ላም ከተሰጠም ሊያስወርዳት ይችላል። ዘመቻውም ቢሆን የላሟን አመጋገብና እርግዝና የሚያውቅ የቅርብ ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የቅርብ ሰው የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ኮርማ በዚህ ዘዴ በሺህ የሚቆጠሩ ጥጆች ሊያስወልድ ስለሚችል፣ ጥሩ ምርጫ እንደሚባዛ ሁሉ ስሕተትም ይባዛል። የሆልስታይን ክልስ ብዙ ወተት ትሰጣለች፤ ግን ብዙ መኖና ጥንቃቄ ትሻለች። ሩዝ በተስፋፋበትና ግጦሽ በጠበበበት በፎገራ ሜዳ ለሁሉም በረት አንድ ዓይነት ዘር ማደል ብልህነት አይደለም። ለከተማ ወተት ሻጭ የሚበጀው ክልስ፣ በሬ ለማረስና ለማድለብ ለሚሻው ላይበጀው ይችላል፤ ለእርሱ የሚስማማው የተመረጠ የፎገራ ኮርማ ዘር ሊሆን ይችላል። በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በዚህ ዝርያ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። የምርምሩን ውጤት ከየበረቱ ኑሮ ጋር ሊያዛምድ የሚችለው ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ በየቀበሌው ትምህርታቸውን የጨረሱ ወንዶችና ሴቶች ወጣቶች ተመርጠው ይሠልጥኑ፤ ለአገልግሎታቸውም ተገቢ ክፍያ ያግኙ። መንግሥትም ፈሳሹን ናይትሮጅን ሳያቋርጥ ያቅርብላቸው፤ ናይትሮጅኑ ካለቀ ዘሩ ይሞታል፤ ሥልጠናውም ከንቱ ይሆናል።

እናንተም እስከዚያው እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። እበት የነካ እጅ የሚያሳፍር እንዳይመስላችሁ፤ ወተቱና ሥጋው የሚገኘው በዚያው እጅ ነው። ከብት ባለበት ቤት የምትኖሩ ሁሉ ላሟ ኮርማ የፈለገችበትን ቀንና ሰዓት በደብተራችሁ መዝግቡ፤ 21 ቀን ቆጥራችሁም ጠዋትና ማታ ጠብቁ። ወላጆቻችሁ ባለሙያውን በጊዜ የሚጠሩት በእናንተ መዝገብ ይሆናል። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። ከተማ ተቀምጦ በሰዓቱ የማይደርስ ሙያም ያችው የሰማይ ላም ነው፤ ወደ በረታችን የሚያወርዳት የተማረ ወጣት ነው።