እንግዳችሁን በመጀመሪያው ቀን እንጦጦ አታውጡት!



ዝናቡ እያባራ፣ አደይ አበባው እየፈካ፣ ከውጭ የሚመጣው ዘመድም ቦሌ መውረድ ጀምሯል። ዛሬ ስለ እንግዳ አቀባበላችን የሚሰማኝን ልንገራችሁ። የማትስማሙ ካላችሁ ኮመንት ላይ እንወያይ።

መጀመሪያ ራሴን ልውቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የግፊት መድኃኒት የምትወስድ አክስቴ ለመስቀል ከዋሽንግተን መጣች። ጠዋት ገባች፣ ቡና ጠጣን፣ ከዚያ "አበባው ሳይረግፍ!" ብዬ ቀጥታ እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። ትንሽ እንደሄድን ወደኋላ ቀረት ማለት ጀመረች። "ደከመሽ እንዴ?" ስላት "ኧረ ደህና ነኝ" አለች። ማታ ራሷን ሲፈልጣትና ሲያቅለሸልሻት አደረች። በማግስቱ "እንደዚያ ጓጉተህ እንዴት አልሄድም ልበልህ?" አለችኝ። ሐኪሙ እኔ ነኝ፣ ማሰብ የነበረብኝም እኔ ነኝ።

ምን ሆና ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ 3,000 ሜትር ላይ በባሕር ጠለል ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። እኛ ስለለመድነው አይታወቀንም። "እኔ እኮ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ" የሚል እንግዳም አለ፤ ዝቅተኛ ቦታ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ግን እንደገና መልመድ አለበት።

ስለዚህ የኔ አቋም ይኼ ነው፦ ጉብኝቱን ከዝቅታ ወደ ከፍታ አድርጉት።

✅ ቀን 1፦ እረፍት፣ በቂ ውኃ፣ ሰፈር ውስጥ አጭር የእግር ጉዞ። ጠጁና ቢራው ይቆይ።

✅ ቀን 2 እና 3፦ ብዙ ዳገት የሌለው ቦታ። ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ ድንቅነሽን ማየት፣ አንድነት ፓርክን አረፍ እያሉ መዞር።

✅ ከቀን 4 በኋላ፦ ደህና ከሆነ እንጦጦ። በመኪና ወጥቶ፣ ቀስ ብሎ ተራምዶ መመለስ።

✅ መስከረም 16 ደመራ፦ አስም ያለበት ሰው ከጭሱ ራቅ ብሎ ይቁም፣ የሚነፋው መድኃኒትም ኪሱ ውስጥ ይሁን።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ደግሞ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

⚠️ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ወይም ከረጅም በረራ በኋላ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም ካለ "ከፍታው ነው፣ ይለቀዋል" አትበሉ። ከረጅም በረራ በኋላ የደም መርጋትም ሊኖር ይችላል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል!

"ያለው እኮ አሥር ቀን ብቻ ነው፣ በየት በኩል ይረፍ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ማረፍ ግን ሦስት ቀን አልጋ ላይ ከመዋል ይሻላል።

ሌላው ይሉኝታችን ነው። እንግዳ "ደክሞኛል" አይልም። "እንሂድ!" ከማለት ይልቅ "ዛሬ ቤት እንዋል ወይስ እንውጣ?" ብላችሁ ጠይቁት። ያኔ እውነቱን ለመናገር ይቀለዋል።

አክስቴ አረፍ ካለች በኋላ በአምስተኛው ቀን ራሷ "እንጦጦን ሳላየው ልመለስ ነው?" አለች። ወጣን፣ ቀስ ብለን ተራመድን፣ እቅፍ ሙሉ አደይ አበባ ይዛ ወረደች።

ዘንድሮ እንግዳ ለሚጠብቅ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም አዲስ ዓመት፣ ጤናችሁ ይብዛ! 🌼