«ፓወር» በአማርኛ ስንት ነው? ስለ አንድ ቃልና ስለ ብዙ ሙያዎች

በድኅረ ምረቃ ትምህርት የጥናት ጽሑፍ አኅጽሮት በአማርኛ እንዲቀርብ ሲጠየቅ፣ አብዛኛው ተማሪ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በመዝገበ ቃላት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያ የተጻፈውን ፍቺ ይወስዳል፤ ከዚያም ከመግቢያው እስከ ማጠቃለያው በዚያው ይዘልቃል። ገምጋሚዎችም ይህን «ወጥነት» ብለው ያበረታቱታል። ለብዙ ቃላት አሠራሩ ጉዳት የለውም። «ፓወር» ላይ ሲደርስ ግን የሚሠራው የወጥነትን ሳይሆን የስሕተትን ሥራ ነው፤ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራቸው ነገሮች በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በስታቲስቲክስና በፖለቲካ ሳይንስ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ናቸውና። መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠው «ኃይል» ደግሞ በራሱ በኩል ሌላ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው።

ከሒሳብ ልጀምር፤ በዚህ ረገድ አማርኛ የሠራው ሥራ ከሁሉም የተዋጣ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ሁለትን ሦስት ጊዜ በራሷ ማባዛትን «ፓወር» ብሎ የሚጠራው ከጥንት ግሪኮች በወረሰው ልማድ ነው። የግሪክ የሒሳብ ሊቃውንት አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን «ዲናሚስ» ይሉት ነበር። ሄንሪ ቢሊንግስሊ በ1570 እ.ኤ.አ. የኤውክሊድን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ቃሉን እንደ ቁሙ ተረጎመው። የሚገርመው፣ ያው «ዲናሚስ» በግእዝ መጻሕፍተ ሃይማኖት የተተረጎመው «ኃይል» ተብሎ መሆኑ ነው። የአማርኛ የሒሳብ መምህራን እንደ ቢሊንግስሊ ቢያደርጉ ኖሮ ዛሬ «ሁለት በኃይል ሦስት» እያልን ነበር። አላደረጉትም። «ርቢ» አሉት፤ መነሻውንም «ዘር» አሉት። ዳግም ርቢና ዳግም ዘር። ከብት አርቢውም፣ ግስ የሚያረባው የቅኔ ተማሪም የሚያውቀው ቃል ነው፤ ቁጥሩ ከራሱ ጋር እየተዛመደ መብዛቱንም ያለ ማብራሪያ ይናገራል። ይህን ቃል የመረጡ ሰዎች የእንግሊዝኛውን ቃል አልተረጎሙም፤ የተረጎሙት ነገሩን ነው። በሌሎች ሙያዎች የጎደለን ይኸው ይመስለኛል።

ፊዚክስ ውስጥ ስንገባ ችግሩ ይከብዳል። «ፓወር» በዚያ ሥራ የሚሠራበት ፍጥነት ነው፤ መለኪያውም ዋት ነው። በዚያ ፍጥነት ለተወሰነ ጊዜ ከተሠራ በኋላ የተጠራቀመው ድምር ደግሞ ኢነርጂ ነው። አንድን ነገር የሚገፋው ወይም የሚጎትተው «ፎርስ» ሦስተኛ ነገር ነው። አማርኛው ሦስቱንም «ኃይል» ሲል ይገኛል። አየር ኃይል በእንግሊዝኛ «ፎርስ» ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ «ፓወር» ነው፤ «የፀሐይ ኃይል» ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ኢነርጂውን ነው። በሌላ በኩል የመኪና ሞተር «ፓወር» ሲለካ ቃሉ ተለውጦ «የፈረስ ጉልበት» ይሆናል፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው። እንግዲህ አንዱ መጠን መብራት ላይ ኃይል፣ መኪና ላይ ጉልበት ሆነ ማለት ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ወደ ማድ ቤት ልውሰደው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ሲጋገርበት ቆጣሪው የሚመዘግበው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል ያንኑ ያህል ለመፍጀት 350 ሰዓት፣ ማለትም ከአሥራ አራት ቀን በላይ ሌሊትና ቀን መብራት አለበት። ለወር ፍጆታ የምንከፍለው ለድምሩ ነው። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥድ መስመሩ የሚጨነቀው ግን በፍጥነቱ ነው። ሁለቱንም «ኃይል» ብሎ የሚጽፍ ጥናት፣ ቤተሰቡ ብዙ ስለሚፈጅ ይሁን ወይስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚስብ መብራት የሚጠፋው፣ ለአንባቢው ሊነግረው አይችልም። መፍትሔዎቹም የተለያዩ ናቸው፤ ለአንደኛው ተጨማሪ ማመንጫ ያስፈልግ ይሆናል፣ ለሁለተኛው የሰዓት ሽግሽግ ወይም ትልቅ ትራንስፎርመር ሊበቃው ይችላል።

ስለ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሚጻፈው ውስጥ ደግሞ ያው ድብልቅልቅ በትልቁ ይታያል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5 ሺህ 150 ሜጋዋት ነው። ይህ ፍጥነት ነው። በዓመት ይመነጫል ተብሎ የተገመተው 15 ሺህ 700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ይህ ድምር ነው። ተርባይኖቹ ሁሉ በዓመቱ 8 ሺህ 760 ሰዓታት ያለ ዕረፍት በሙሉ አቅም ቢዞሩ ድምሩ 45 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት ያልፍ ነበር፤ የተገመተው ግን ከዚያ ሲሶውን በጥቂቱ የሚበልጥ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ወንዙ ክረምትና በጋ እኩል አይፈስም፤ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚውም ሌሊትና ምሽት እኩል አይፈልግም። ነገር ግን «ኃይል» በሚል አንድ ቃል ብቻ የሚጽፍ ሰው፣ ደጋፊ ከሆነ ሜጋዋቱን በሰዓት አባዝቶ ያልተገባ ተስፋ ይሰጣል፤ ነቃፊ ከሆነ ሲሶውን አይቶ ግድቡ አይሠራም ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ባልተለየ ቃል ላይ ነው። (በነገራችን ላይ እንግሊዝኛውም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ለስልካችን የምንይዘው «ፓወር ባንክ» የሚያጠራቅመው ፓወር ሳይሆን ኢነርጂ ነው።)

በእኔ እምነት ከሁሉ የባሰ ጉዳት ያለው ስታቲስቲክስ ውስጥ ነው፤ የሚያዩትም ጥቂቶች ናቸው። ዬርዚ ኔይማንና ኤጎን ፒርሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የአንድን ፈተና «ፓወር» ሲሉ፣ በእውነት ያለን ልዩነት ያ ፈተና የማግኘት ዕድሉ ማለታቸው ነበር። በብዙ የምርምር ዘርፎች ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። «የጥናቱ ኃይል 80 በመቶ ነው» ብሎ የተጻፈን አኅጽሮት ያነበበ ሰው የሚረዳው ግን ጥናቱ ጠንካራ፣ ግኝቱም በዚያው ልክ የሚታመን መሆኑን ነው። ቃሉ ስለ ግኝቱ እውነትነት ምንም አይልም።

ልዩነቱ የሚያመጣውን በቁጥር እንየው። አንድ ተማሪ ሁለት የሕክምና ዘዴዎችን ለማነጻጸር በእያንዳንዱ ወገን 20 ሕሙማን ያዘ እንበል። በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ግማሽ ቢሆን፣ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ልዩነቱን የማግኘት ዕድሉ 34 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ካሉ ሦስት ጥናቶች ሁለቱ ያህል ያለውን ነገር ሳያዩት ያልፋሉ። ዕድሉን 80 በመቶ ለማድረስ በየወገኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ይሁንና ከባለ 20ው ጥናት በኋላ የሚጻፈው «በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ልዩነት የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ትክክሉ «ልዩነት ቢኖርም ባይኖርም ይህ ጥናት ለመለየት አቅም አልነበረውም» ነው። ሕክምናውን የሚተው ወይም የሚቀጥል ሐኪም ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አንድ አድርጎ ሊያነብ አይገባውም። ጃኮብ ኮኸን በ1962 እ.ኤ.አ. በአንድ የሥነ ልቡና መጽሔት የወጡ ጥናቶችን ሲመረምር፣ መካከለኛ ልዩነትን የማግኘት አማካይ ዕድላቸው ከግማሽ በታች ሆኖ አግኝቶታል፤ ስለዚህ ነገሩ የእኛ ብቻ ድክመት አይደለም። ጀርመኖች ለዚህ ከሚጠቀሙባቸው ቃላት አንዱ «ትሬንሼርፈ» ነው፤ የመለየት ስለት እንደ ማለት ነው። እኛም «የመለየት አቅም» ብንል አንባቢው ቢያንስ «ምንን ለመለየት?» ብሎ ለመጠየቅ ይነሣል። «ኃይል» ይህን ጥያቄ አያስነሣም።

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ሌላ አማራጭ አላቸው፤ «ሥልጣን»። ሕገ መንግሥታችን ስለ ሉዓላዊነትና መንግሥት ስለ መያዝ ሲደነግግ በዚህ ቃል ይጠቀማል፤ የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው በመሆኑም ቃሉ በሕግ ረገድ የጸና ነው። ችግሩ «ሥልጣን» ሹመት ያለበትን ብቻ ማሳየቱ ነው። ማክስ ቬበር በጀርመንኛ «ማኽት»ን ከ«ሄርሻፍት» የለየው ለዚሁ ነበር፤ የመጀመሪያው ተቃውሞ እያለም ቢሆን የራስን ፈቃድ የማስፈጸም ዕድል፣ ሁለተኛው ትእዛዝ ሰጥቶ የመታዘዝ ዕድል ነው። ሁለተኛውን እንግሊዝኛ ተርጓሚዎችም ሳይስማሙ ኖረዋል። በአንድ ቀበሌ ማኅተም የሌለው፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ነገር ግን ያለ እርሱ ቃል እርቅ የማይወርድ ሽማግሌ አለ። ይህ ሰው ሥልጣን የለውም፤ ኃይልም ቢባል ጠመንጃ የያዘ ያስመስለዋል። አማርኛ ለዚህ «ተሰሚነት» የሚል ግሩም ቃል አለው፤ በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ግን እምብዛም አይታይም፣ ምክንያቱም በመዝገበ ቃላቱ «ፓወር» ሥር ስላልተጻፈ ነው።

«ፓወር» ብለን እንደ ቁሙ ብንተወውስ? ይህን የሚሉ መምህራን አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም፤ «ቴሌቪዥን»ንም «ትራንስፎርመር»ንም ተቀብለናልና። ነገር ግን እነዚያ ቃላት የመጡት አንዳንድ ነገር ይዘው ነው። «ፓወር» የሚመጣው የእንግሊዝኛውን ድብልቅልቅ በሙሉ ተሸክሞ ነው፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ በዐውድ የሚለየውን የእኛ አንባቢ የሚለይበት ልማድ ገና የለውም።

ስለዚህ በትምህርት ክፍሎች ደረጃ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ገምጋሚው «ይህን ቃል እዚህ ኃይል፣ እዚያ አቅም ለምን አልከው?» ብሎ ማረም ይተው፤ «እዚህ የምትለው የትኛውን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በፊዚክስና በምህንድስና ቁጥር ያለ መለኪያው አይጻፍ፤ «ኃይል» ከተባለ ከአጠገቡ ሜጋዋት ወይም ሜጋዋት ሰዓት ይቁም። በጤናና በማኅበራዊ ጥናት «ልዩነት የለም» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ የጥናቱ የመለየት አቅም ስንት እንደ ነበር በአማርኛው አኅጽሮትም ይገለጽ፤ ዛሬ ይህ ቁጥር ሲጻፍ እንኳ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ብቻ ይቀራል፤ የወረዳው የጤና ባለሙያ የሚያነበው ግን ብዙ ጊዜ የአማርኛውን ነው።