የነፍስ አድን ፍላሻችን ለምን ይቆለፍበታል?

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን ከትምህርት ክፍላችን ኮምፒውተሮች አንዱ አልነሣም ማለቱን የማያስታውስ የለም። በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ያወጣና ዝም ይላል። በውስጡ የስድስት ዕጩ መምህራን የትምህርት ዕቅድ፣ እንዲሁም አንድ መምህራችን ዓመቱን ሙሉ ያሰባሰቡት የመልመጃ ጥያቄ ነበረበት። ከከተማ የተጠራው ጠጋኝ አየት አደረገና «ፎርማት ነው» አለ። ተደረገ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ጸድቶ ተነሣ። የእኛም ልፋት አብሮ ታጠበ።

ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ጠጋኙን ለመውቀስ አይደለም። ልብ ማለት የሚገባን ዊንዶውስ መነሣት አቃተው ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አለመሆኑን ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም እንጂ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፋችን አይደለም። የበሩ ቁልፍ ተሰበረ ተብሎ ቤት ከነዕቃው ይቃጠላል እንዴ? በሌላ በር ይገባል እንጂ! ያ ሌላው በር ከፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ ክላውስ ክኖፐር የተባለ ጀርመናዊ ከሲዲ የሚነሣውን ክኖፒክስን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚሠራው በራም ላይ በመሆኑ፣ «ጫን» የሚለውን ካልነካን በስተቀር ሃርድ ዲስኩን እንዳለ ይተወዋል። እኛ ፋይላችንን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርገን እናወጣለን። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ ጉዳት በኋላ አምስት ሆነን የአንዱን ጓደኛችንን 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዘን ሥራ ጀመርን። ሊኑክስ ሚንትን ሌሊት ከኢንተርኔት አወረድንና እንደ ዘፈን ፍላሹ ላይ ገለበጥነው። ኮምፒውተሩ ዞር ብሎም አላየው። ለካ የወረደው ፋይል እንደ ታሸገ ሣጥን ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚፈልገውን ማስነሻ በቦታው አድርጎ የሚዘረጋው እንደ ሩፉስ ያለ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሩፉስ ደግሞ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል ብሎ አስጠነቀቀን፤ እኛ በችኮላ እሺ አልን። የጓደኛችን የቤት ሥራ እዚያው ቀረ። (ይቅርታ ጠይቀናል፤ እስካሁን ግን አኩርፏል።) ቀጥሎ ከፍላሽ ተነሣ የሚባልበትን ቁልፍ ፍለጋ ሆነ፤ በዴል ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። በመጨረሻ ተነሣ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደህና ኮምፒውተር ሳለ አስቀድሞ ነው፤ ከተበላሸ በኋላማ በምን ይሠራል? ሃርድ ዲስኩ ራሱ ቀጭ ቀጭ እያለ የሞተ እንደሆነ ደግሞ ፍላሹ አያድነውም፤ ወዲያው ማጥፋት ነው የሚሻለው።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ፍላሹ ንብረት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት! ምክንያቱን ስንጠይቅ አንድ መምህራችን «በዚህ ዕቃ የይለፍ ቃል ሳትጠየቁ የማንንም ኮምፒውተር ትከፍታላችሁ፤ የፈተና ጥያቄስ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ የዊንዶውስ የይለፍ ቃል ይህን ፍላሽ አያግደውም። ይሁን እንጂ ሊኑክስም ሩፉስም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ሊሰርቅ ያሰበ በአንድ ሌሊት የራሱን ይሠራል። ቁም ሣጥኑ የሚያግደው ሊረዳ የመጣውን ብቻ ነው። የፈተና ጥያቄ የሚጠበቀው ዲስኩን ቢትሎከርን በመሳሰለ ምስጢር በማድረግ ነው። ያን ጊዜ 48 አኃዝ ያለው የማስከፈቻ ቁጥር ከሌለ የእኛም ፍላሽ ምንም አያነብም። ቁጥሩ ከጠፋ ግን ባለቤቱም እንደ እኛው ውጭ ይቀራል፤ ስለዚህ በወረቀት ታትሞ ይቀመጥ። ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ያለበት ይኸ ወረቀት ነው።

ፍላሹ በኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ በገመድ ይንጠልጠል፣ ከጎኑ መዝገብ ይኑር፤ ሲወጣም ሁለት ሰዎች፣ አንዳቸው መምህር ሆነው፣ ይፈርሙ እንላለን። አንድ ክፍለ ጊዜም ተሰጥቶን ሁላችንም በእጃችን እንሞክረው። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት «አንተ ተምረሃል፣ እስቲ እየው» የሚባለው ከእኛ አንዱ ነው።

ንብረት ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ያ ኮምፒውተር የተበላሸው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር።